ሞተሩ ዋጠው ስለተባለው አባ ኮዳ

ለተከበሩ አቶ ልዑልሰገድ
የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የአውሮፕላን ጉዳት አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ያን ቀን ወደ አውሮፕላኑ ሲሮጡ የተቆራረጠው ትንፋሽዎ እንዴት ነው? እኔ የአውሮፕላን ሜዳውን ጠጠር የምጠርገው ዘካሪያስ፣ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል በላይ እምቢ ስላለኝ ፊደል ብስት ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ደኅና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። የእንግዳችን ትንሽ አውሮፕላን የቀኝ ሞተሩ የተበላሸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ አሞራ ገብቶበት እንደሆነ፣ አሞራውን የሳበውም የእትዬ አሰፋሽ ዓሣ መጥበሻ ቤት ጥራጊ እንደሆነ በሦስት ገጽ አስረድተውናል። እኔ ሃያ እርምጃ ርቄ ቆሜ አንድ ላባ እንኳ አለማየቴ የዓይኔ ድክመት ነው። ሆኖም በትሕትና፦

1ኛ/ የእትዬ አሰፋሽ ቤት ከታሸገ ሁለት ወር ሆነው። ሦስት ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያ መጥበሻ ነበር። ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣላቸው ዓሣ ሌላ ደንበኛ አገኘ፤ አባ ኮዳዎቹ ግን አድራሻ ሳይቀይሩ አሁንም ከቢሮዎ ጣሪያ ላይ ቆመው ያዩናል። ስለ ጥበቃው እናመሰግናለን።

2ኛ/ ያን ዕለት አብራሪው በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ቆዩ ሲልዎ፣ እርስዎ ሰላምታ መስሎዎት መልሰው አወዛወዙለት። ሞተሩ ሳይቆም ለእንግዳው ሊያለብሱ ይዘውት የሮጡት የዶርዜ አንገት ልብስ ከእጅዎ አምልጦ የት እንደገባ ግን ሪፖርትዎ አይናገርም። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን አቀባበል በስሙ ያስመዘግብ ነበር፤ እርስዎ ለአሞራ ሰጡት።

3ኛ/ ከአዲስ አበባ ለመጣችው መካኒክ ለትርሐስ፣ ክሬን ስለጠፋ ሞተሩን ስምንት ሙዝ ጫኞች አወረዱላት፤ ቀስ በሉ ስትላቸው፣ አይዞሽ እህቴ፣ እኛ ስንጭን ሙዝ እንኳ ልጠን አናውቅም እያሏት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ላባና አጥንት ትፈልጋለች፤ ሪፖርቱ አሞራ ይላላ። የገባው ምን እንደሆነና ምን ያህሉ ውስጥ እንደቀረ ሳታውቅ ደግሞ ሞተሩን መልሳ ልትገጥመው አትችልም።

እውነቱን ልነግራት ሄጄ ነበር። ነገር ግን አምና አዞ ሳይኖር አዞ ሜዳው ላይ ተኝቷል ብዬ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ስላስሮጥኩ፣ ዘበኛው እሱን አትስሚው አላት። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለዚህ የሚታመን ሰው፣ ማለትም እርስዎ፣ አንድ መስመር እንዲጽፉላት እለምናለሁ፤ የእትዬ አሰፋሽም እሽግ በዚያችው መስመር ይነሳል።

እግርዎን ጠጠር፣ አንገትዎን ብርድ እንዳያገኘው እየተመኘሁ፣ መጥረጊያዬን አስቀምጬ እጅ በመንሳት፣
ዘካሪያስ ዳልጮ
ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትርሐስ አሞራውን አገኘችው። ቀይና ቢጫ ክር ነው፤ ደረቱ ላይ «እንኳን ደኅና መ» የሚል ተሸምኖበታል። እትዬ አሰፋሽ ዓሣ እንጂ ክር ጠብሰው አያውቁም። «ጡ» የምትለዋ ገና ሞተሩ ውስጥ ስለሆነች፣ ትርሐስ የአሞራውን ባለቤት ልትጠይቅ ፈልጋለች፤ ቢሮዎን አሳይቻታለሁ።