የሌለው ጉድጓድ

ጥቅምት 11

ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ቀን። ሁለት ጎማ ለጠፍኩ፣ የሳይክል ካቴና ዘይት ቀባሁ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ እፀገነት ወደ ሳይክል መጠገኛ ሱቄ መጣች። ለዞኑ የሳይክል ቡድን ምርጫ ልትወዳደር ነው፤ ኮርሳ፣ የእሽቅድምድም ሳይክል ያስፈልጋታል።

«እትዬ ይርጌ፣ ሞጣ አብረን እንሂድ። እርስዎ ያሉትን ነው የምገዛ።»

ሙያውን ከዕቃ መጠቅለያና ከተጣለ መጽሔት ለቃቅሜ የተማርኩትን እኔን ሰው አምኖ ሲጠይቀኝ... ምን ልበል፣ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 14

ሞጣ ደርሰን መጣን። አሮጌ ሳይክል የምትሸጠው ዑሙሰልማ ሁለት አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችልን። የሁለቱም ፍሬም ብረት ነው። አንዱ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። አንዱ ግራጫ፣ ቀለሙ የተላላጠ።

ግራጫውን በጣቴ ቆረቆርኩት። የቱቦው መሃል ቀጭን ድምፅ ሰጠ፤ መጋጠሚያው አጠገብ ወፈር ያለ። መሃሉን አቅጥነው ጫፉን አወፍረው ሠርተውታል ማለት ነው። ጥሩ ብረት እንዲህ ነው። ቀዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን ድምፅ። ሲያነሡትም ይከብዳል። ብየዳውን ቀለም ሸፍኖታል።

አወቅሁ እኮ። ወዲያው ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ዑሙሰልማ «እህቴ፣ ግራጫውን ውሰጂላት። መልኩን አትይው» አለች። እዚህ ላይ ተበላሸሁ። አባቴ ቢቸና ገበያ በሬ ሲገዛ ሻጩ የሚያሞግሰውን አልፎ ዝም ያለለትን ነበር የሚያይ። እኔም ያው...

«ምነው እሱን ለማራገፍ ቸኮልሽ?» አልኳት። ዙሪያችንን የቆመው ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቀዩን አስገዛኋት።

ኅዳር 2

እፀገነት በየማለዳው ወደ ደብረ ወርቅ መውጫ ትለማመዳለች። «ትንሽ ይከብደኛል» አለች። ይለመዳል አልኳት።

ኅዳር 9

ቀዩ ተሰነጠቀ። ከመሪው ሥር፣ ብየዳው ላይ። ክርኗ ተልጦ፣ እየገፋችው መጣች። ባለ ባጃጁ ዘመነ እንደ ልማዱ ደጄ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል።

«እትዬ ይርጌ፣ የመረጡላት ብረት ነው ወይስ ገል?»

ተንጫጩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀለሙ ሲነሣ ከሥሩ የቆየ ዝገት። ሳንገዛው በፊት የተሰነጠቀ ነው፤ በይደው ቀቡት።

«ጉድጓድ ውስጥ ከተትሽው እንዴ?» አልኳት። ጮክ ብዬ። እነ ዘመነ እንዲሰሙ።

«እንጃ... ምናልባት።»

«ጉድጓድ ነው» አልኩ።

ኅዳር 10

ጠዋት መጣች። በእግሯ ተመልሳ መንገዱን ስታይ ነበር።

«ጉድጓዱን አጣሁት። ግን እርስዎ ካሉ ይኖራል። ይቅርታ እትዬ፣ ያን ያህል ደክመው መርጠውልኝ...»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን!

ሻይ ላፍላልሽ አልኳት።

ኅዳር 11

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 13

የተሰነጠቀውን ይዤ ብቻዬን ሞጣ ሄድኩ። ግራጫው እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማን ይግዛው፣ መልክ የለው።

«ቀዩ ተሰነጠቀ» አልኳት ዑሙሰልማን።

«ልጅቷስ? ደህና ናት?»

...እኔ ያን ቀን ይህን አልጠየቅኋትም። ደጄ ድረስ ክርኗ እየደማ መጥታ።

«ደህና ናት። ግራጫው እንደሚሻል አውቄ ነበር። አንቺ ስላሞገስሽው ነው የተውኩት።»

«ቀዩን ልቤ አልወደደውም ነበር። ግን ያላየሁትን ስንጥቅ ምን ብዬ ላውራ? ያየሁትን ነገርኩሽ» አለች። ከዚያ ቀዩን ተቀብላ ግራጫውን ሰጠችኝ። ቀዩን ለመለዋወጫ ትፈታዋለች።

ይቅር በይኝ ያልኳት ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ነው። ሰማችኝ ይሆን?

ኅዳር 14

እፀገነትን ጠራኋት። እነ ዘመነ ባሉበት። ያን ቀን ባሉበት ነው የዋሸሁት፤ ሌላ ቦታ ልነግራት አልችልም።

«ጉድጓድ የለም። ቀዩ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር፤ ዝገቱን አይቻለሁ። ግራጫው እንደሚሻልም አውቅ ነበር።»

እፀገነት ግራጫውን እየገፋች ሄደች።

ኅዳር 28

ምርጫው አለፈ። አልተመረጠችም። የሰማሁት ከእናቷ ነው።

ታኅሣሥ 3

መጣች! በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«ሳይክሉ ጥሩ ነው። ዳገቱ ላይ እግሬ ነው የከዳኝ።»

«ልምምድ አስቀረሁብሽ» አልኳት።

«አዎ» አለች።

አይዞዎት አላለችም። ባትል ይሻላል። «ጉድጓዱን ስፈልግ ሰው ሁሉ ምን ጠፋብሽ ይለኝ ነበር» አለችና ሄደች።

ታኅሣሥ 6

ከመርጡለ ማርያም አንድ ሰውዬ ፍሬም አምጥቶ «ልግዛው ወይስ ልመልሰው?» አለኝ። ቆረቆርኩት። ድምፁ አላጠገበኝም፤ ግን መጥፎም አይደል... ዘመነ ደጁ ላይ ነው። እፀገነት ጎማ ልትነፋ ገብታለች።

«አላውቅም» አልኩ። «ቀለሙን ሳልፍቅ ምንም አልል።»

«ኧረ ባለሙያዋ!» አለ ዘመነ። ፊቴ ነደደ። ደግሜ አላውቅም አልኩ።

እፀገነት መንፊያውን አስቀመጠች። ከሳጥኑ ቀለም መፋቂያ የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠችኝ። እሷ ከመሪው በኩል ጀመረች፣ እኔ ከኮርቻው።