አራተኛው ቱቦ

ማክሰኞ

የመጨረሻው ጠርሙስ ነው። ከዚህ ወዲያ ከባድ ውሃ የለኝም። ከእንቁላል ነጩ ያወጣሁትን ፕሮቲን በፈረንጅ ስምንት ሰዓት፣ ጠዋት፣ በጠበጥኩበት። ከዚያ ሁሉም ነገር ሰዓት ሆነ፦ ፕሮቲኑ ሃይድሮጂኑን ለውሃው ይሰጣል፣ የውሃውን ከባድ ሃይድሮጂን ይቀበላል። ቀድቼ በረዶ ውስጥ ስከተው ልውውጡ ይቆማል። ምን ያህሉ እንደተለወጠ የሚያየው ባሕር ማዶ ያለው የመምህሬ ማግኔት ነው። አሰብ ያለው በረዶ የዓሣ ሻጮች ብቻ ነው።

ሦስት ቱቦ እንደቀዳሁ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ለውይይት ክበብ ተጠራን። መቅረት አይቻልም። አራተኛውን ተረኛ ሆኖ ለሚቀረው ለላቦራቶሪው ዓሊ አደራ አልኩት።

«ሲመችህ ቅዳ። ሰዓቱን በፈረንጅ ጻፍ።»

«እሺ፣ ዶክተሬ።»

ዶክተር አይደለሁም። ትምህርቴ መሃል ላይ ቀርቷል። መምህሬ ናሙናዎቹ ካማሩ ዳግም እንዲጠሩሽ አደርጋለሁ ብሎ ጽፏል።

ረቡዕ

አምስተኛውን ጠዋት ራሴ ቀዳሁ። አራተኛው ላይ «9» የሚል ብቻ ተጽፏል። በፈረንጅ ከሆነ የቆየው አንድ ሰዓት ነው። በኛ ከሆነ ሰባት። ያለ እሱ በሦስተኛውና በአምስተኛው መሃል ያለው ባዶ ነው።

ዓሊ የለም። እህቱ ወልዳ ትናንት ራሔይታ ሄዷል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ናሙናዎቹን የምትወስደው መርከብ ነገ ትነሳለች።

ሐሙስ

የመርከቧ ሐኪም ፍሪጁ ውስጥ ቦታ ሰጠኝ። ዝርዝሩን አይቶ፣ «ይቺ የአራተኛው ቦታ ለምን ባዶ ሆነች?» አለኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «አንድ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ዓሊ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው፣ አልኩ ለራሴ። ቤት እስክደርስ ደጋግሜ አልኩት።

ዓርብ

ዓሊ ደረቅ ዓሣ ይዞልኝ መጣ።

«አራተኛውን መቼ ቀዳኸው?»

«የማጣሪያው የከሰዓት ፈረቃ ሳይረን ሲጮኽ።»

ከቀኑ ዘጠኝ። ቱቦው የቆየው ሰባት ሰዓት ነው።

«በፈረንጅ አላልኩህም?»

«አሥር ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ዶክተሬ። ደግሞስ ዘጠኝ ሰዓትን ዘጠኝ ካላሉት ምን ይሉታል?»

ሳቅሁ። መርከቧ ግን ሄዳለች።

ቅዳሜ

ቴሌግራም። ለመምህሬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለቴሌ ጸሐፊው ሰጠሁት። ጸሐፊው ተርጉሚልኝ አለኝ።

«አራተኛው ቱቦ የቆየው ሰባት ሰዓት እንጂ አንድ አይደለም። ገምቼ ነበር።»

ቀና አለ። «ኮድ ነው እንዴ?»

«እንቁላል ነው።»

«እህቴ፣ እዚህ አይቀለድም።»

አስረዳሁት፤ የገባው አልመሰለኝም። እስክሪብቶውን መጨረሻው ላይ አሳረፈ። «‹ገምቼ ነበር› የሚለው ይውጣ። ያለሱም ይገባል።»

እውነቱን ነው፤ ይገባል። መምህሬም የጽሑፍ ስህተት ነበር ብሎ ያልፈዋል።

«ይቆይ» አልኩት።

ሰኞ ኃላፊው አይቶ ከፈቀደ ይላካል አለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም።