ሙሄ፣ በሰው ስልክ ስምህ ብዙ ነው

ሙሄዋ፣ አሰላሙ አለይክ። መሪ ጨብጠህ እንደተቀመጥክ ልብህ ከቆመ አስር ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ስጽፍልህ ዱዓዬን ነበር የማስቀድመው፤ ዛሬ ግን ሚስትህን ቅናት አንገቷ ድረስ ሞልቷታልና መጀመሪያ እሱን ላውጣው። በሞተ ሰው ይቀናል እንዴ እንዳትለኝ። ይቀናል።

አሁንም እዚሁ ዐረብ አገር፣ አቡ ሐሊፋ ሰፈር፣ የምሠራበት ማዳም ቤት ነኝ። ማዳም አዲስ ምንጣፍ አስገብታለች፤ ውሃ አይንካው ትላለች፣ እኔ ግን እሷ ሳትኖር አጥበዋለሁ። ጅሊብ ሰፈር ያለችውን ክፍልህን ሁለት የደሴ ልጆች ተከራይተዋታል። ሰቅዬልህ የነበረውን መጋረጃዬን ስጠይቃቸው እዚሁ ያገኘነው ነው አሉኝ። በነሱም ቀናሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ዐረብኛው ጥርት ያለ ነው። ከፖሊስ ነኝ፣ ኢቃማሽ ችግር አለበት አለኝና ስሜን ከነአባቴ ጠራው። ቀጥሎ አሁን በመልእክት የገባልሽን የሚስጥር ቁጥር አንብቢልኝ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ተነስቶ የማይደነግጥ ማን አለ? ላነብለት አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ያ አርብ ትዝ አለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ማንኪያ እንደ ስልክ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ፣ ድምፅህን አወፍረህ ሌባ ሆንክብኝ። እየሳቅኩ ቁጥሩን ስነግርህ ተቆጣህና እንደገና አስጀመርከኝ። ፖሊስም ይሁን ባንክ ያንን ቁጥር በስልክ አይጠይቅሽም፣ ዝጊበት እያልክ አምስት ጊዜ አለማመድከኝ። ዘጋሁበት ሙሄ።

አርብ ለት ለጓደኛዬ ለሉባባ ነገርኳት። የማይታወቅ ደዋይ ማን እንደሆነ የሚያሳይ አፕ ጫነችልኝ። ቁጥሩን ሲያስገቡለት አፑን የጫኑ ሰዎች ሁሉ በየስልካቸው በምን ስም እንደመዘገቡት ይዘረዝራል። የሰውዬውን ስናስገባ ሌባ፣ አታላይ፣ እንዳታነሱት የሚል ተደረደረ። በዚያው ብተወው ምን ነበረበት። ሉባባ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ጣቴ የአንተን ቁጥር ጻፈ።

ሙሄ ሹፌር ይላል። ሙሐመድ ሐበሻ። ሙሄ ጅሊብ። ባባ ሙሄ ብላ የጻፈችው ስምንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ያመላለስካት የአሠሪህ ልጅ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። እሷ ጠዋትም ከሰዓትም ከኋላህ ተቀምጣ ወሬህን ስትሰማ፣ እኔ በአስራ አምስት ቀን አንድ አርብ ነበረኝ። ከሱ ዝቅ ብሎ በአማርኛ ፊደል ሙሄ ዓለሜ ይላል።

ዓለሜ! የማን ዓለም ነህ አንተ? አፑ ስሙን እንጂ ማን እንደጻፈው አይናገርም። በማግስቱ የማዳምን ጥቁር አባያ በካውያ አቃጠልኩት። ከባቃላው፣ ከሰፈርህ ሱቅ በላይ የምትኖረውን፣ አንተን ስታይ ሻሿን የምታስተካክለውን ሴትዮ ጠረጠርኩ። ሉባባን ሳይቀር ጠረጠርኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እህትህ በእናትህ ስልክ ላይ ጽፋላት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። እናትህ ከሆነችም አልቀረላትም፣ ቀናሁባት።

ከሁሉም በታች ግን ዘሃራ ልብስ ሰፊ ይላል። እሱን ማን እንደጻፈው መጠርጠር አላስፈለገኝም። እኔ ነኝ።

ታስታውሳለህ፣ ኒካሓችንን በዚያች ክፍል በሁለት ምስክር ብቻ ባሰርን ማግስት ነው። ማዳም ስልኬን ትበረብራለች፤ የወንድ ስም ካየች ሳትውል ሳታድር ወደ አገሬ ትመልሰኛለች። ስለዚህ ዘሃራ ብዬ መዘገብኩህ። ስነግርህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ ስትደውልልኝ ዘሃራ ነኝ፣ ቀሚስሽ ደርሷል እያልክ ነበር። የሞትክ ቀን ማዳም ለምን ታለቅሻለሽ ብትለኝ ልብስ ሰፊዬ ሞታ ነው አልኳት። ቀብርህ ላይ ለመድረስ ፈቃድ እንኳ አልጠየቅኩም። ለልብስ ሰፊ ብሎ ማን ፈቃድ ይሰጠኛል?

የሚያንገበግበኝ አንዲት ሴት ስለወደደችህ አይደለም ልልህ ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ እሱም ያንገበግበኛል። የባሰብኝ ግን ሳትፈራ መጻፏ ነው። ሌላው ሁሉ ሙሄን ሙሄ ብሎ ሲመዘግብ፣ ሚስትህ ብቻ ሌላ ሰው አደረገችህ።

ቁጥርህ አንድ ቀን ለሌላ ሰው መሰጠቱ አይቀርም። ያ ሰው ሲደውል፣ የማላውቀው ቁጥር ነው ብሎ የሚፈልገው ሁሉ የአንተን ስሞች ያገኛል። ዛሬ ጠዋት ልብስ አስጥቼ ስጨርስ ዘሃራን ሰረዝኩና ሙሄ ባሌ ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ ላይ እስኪወጣ በየቀኑ እየከፈትኩ አየዋለሁ። ዓለሜ የምትልህም ትየው።

አልረሳህም ሙሄ፣ ከእንግዲህ ደግሞ ተደብቄ አላስታውስህም። ስልኬን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ማዳም እንደምታየው አድርጌ ትቼዋለሁ። አንስታ ይሄ ማነው ካለችኝ፣ ባሌ ነው እላታለሁ።