የሁለተኛው አባል ፊርማ ሳይጠበቅ ነጥቤ እንዲዛወርልኝ

ለአየር መንገዱ የታማኝ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ በቀድሞው አየር መንገዴ ያለኝ የወርቅ ደረጃና በቤተሰብ ሒሳብ የተጠራቀመ የበረራ ነጥብ ያለ ባለቤቴ ፊርማ በአስቸኳይ ወደ ድርጅትዎ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የመነጽር ሱቅ አለኝ። ፍሬም የማስመጣው ራሴ ባሕር ማዶ ሄጄ፣ በእጄ ጠምዝዤ አይቼ ስለሆነ ዕድሜዬን ያጋመስኩት በአውሮፕላን ወንበር ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት በሌላ አየር መንገድ የወርቅ ደረጃ አባል ሆኛለሁ። አሁን እሱን ትቼ ወደ እናንተ መምጣት እፈልጋለሁ። በራችሁ ላይ «ከሌላ አየር መንገድ ለሚመጡ ደንበኞች ደረጃቸውን እንጠብቃለን፣ ነጥባቸውንም እንቀበላለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋችኋል፤ እሱን አምኜ መጣሁ።

2. ተራ ቁጥር ወስጄ፣ መደገፊያው በተነቀለ የብረት ወንበር ላይ ስጠብቅ ቆይቼ፣ መስኮት አራት ቀረብኩ። ሠራተኛዋ ሒሳቡን ከፍታ ካየች በኋላ «ይሄ እኮ የቤተሰብ ነው፤ ሁለት አባል ነው ያለው፤ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል» አለችኝ። ሁለተኛው ሰው ባሕር ማዶ እንዳለ ብነግራት «ታዲያ ፈርሞ በስልክ ይላክልሽ እናቴ፣ ምን ችግር አለው?» አለች። ችግሩ በመስኮት ቀዳዳ የሚነገር ስላልሆነና ከኋላዬም የተሰለፉት ሰዎች ጆሯቸውን ስላቆሙ፣ ይህን አቤቱታ ለመጻፍ ተገደድኩ። በሠራተኛዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደንብ ነው ያነበበችልኝ።

3. የሒሳቡ ሁለተኛ አባል ባለቤቴ ነው። ከዚህ በኋላ «ሁለተኛው አባል» እየተባለ ይጠራል። ስሙን መጥራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለአቤቱታ ብዬ አልጀምርም። በቀድሞው አየር መንገድ ደንብ መሠረት ብዙ የበረረው የሒሳቡ ኃላፊ ስለሚሆን ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛው አባል በነጥብ ቲኬት ለመቁረጥ ሲጠይቅ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እኔ ስልክ ይላካል። ቁጥሩን ከሰጠሁት ይበራል፤ ካልሰጠሁት ባለበት ይቆማል።

አንድ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። «ለአጭር ሥልጠና ነው» ብሎኝ ነበር። ወገቡን ስለሚያመው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነውን ወንበር ይያዝ ያልኩት እኔው ነኝ። ሱቄ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ መነጽር ክንድ እያጠበቅኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፦ «እንኳን ደስ አለዎት! የዓመቱን የተጓዳኝ ጥቅምዎን ተጠቅመዋል።» የወርቅ አባል በዓመት አንድ ሰው በነጻ ይዞ እንዲበር ይፈቀድለታል። እኔ ሱቄ ውስጥ ቆሜአለሁ። ተጓዳኙ ግን በሮ ነበር። ደንበኛዋ «ምነው፣ ተሰበረ እንዴ?» አለችኝ።

4. ቅጻችሁ «አየር መንገድ ለመቀየር ያነሳሳዎት የአገልግሎት ልዩነት» የሚል ጥያቄ ስላለው የረጅም በረራ ንጽጽሬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሀ/ መቀመጫ። የእነሱ ወንበር እስከ ጫፍ ይዘረጋል። የእናንተው እኔ የተቀመጥኩበት ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ። አስተናጋጇን ብጠራት «እሱ እንደዛ ነው» ብላኝ አለፈች።

ለ/ ምግብ። የእነሱ ትኩስ ነው። የእናንተ ዶሮ መሃሉ በረዶ ነበር።

ሐ/ የእጅ ሻንጣ። የእነሱ ሰዎች ፍሬም እንደምይዝ ያውቃሉ፤ ሳልጠይቃቸው ለብቻው ያስቀምጡልኝ ነበር። የእናንተው አስተናጋጅ የሌላ ሰው ሻንጣ ጫነበትና አንድ ደርዘን ፍሬም እንደ ቅጠል ተጣጥፎ ወረደ።

መ/ መስተንግዶ። የእነሱ አስተናጋጆች አጠገብዎ በርከክ ብለው በስምዎ ይጠሩዎታል። የእናንተዎቹ ስም አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም።

ንጽጽሩ ለእነሱ ያደላ መስሎ ከታየዎት ልክ ነዎት። ነገር ግን ሁለተኛውን አባልና ተጓዳኙን «ሙሽሮች» ብለው ኬክ የቆረሱላቸው እነዚያ ፈገግታ የማያልቅባቸው አስተናጋጆች ናቸው። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ተጓዳኟ ራሷ ላየ ላላየ ሁሉ አሳይታዋለች። ኬኩ ላይ በክሬም «ለወርቅ ቤተሰባችን» ይላል። ወርቁ የእኔ ነው። በእናንተ አውሮፕላን ማንም ለማንም ኬክ ሲቆርስ አላየሁም። የመረጥኳችሁ ለዚህ ነው።

5. ሁለተኛው አባል ሲሄድ ሁለት ሻንጣ ይዞ እናቱን ለእኔ ትቶ ነው። አማቴን «እማማ» ነው የምላቸው። በጓሮ በኩል፣ መስኮቱ ወደ ልብስ ማስጫው በሚያይ ክፍል ይተኛሉ። ልጃቸው እንደማይመለስ ያወቅን ሰሞን የእግራቸውን ጥፍር እየቆረጥኩላቸው «ወንድ እግሩ እንጂ ልቡ አይሄድም፤ ደግሞስ ልጅ ብትወልጂለት ኖሮ መቼ ይሄድ ነበር?» አሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የቀረውን ጥፍር ጨርሼ ቆረጥኩ።

አሁን እማማ ከአልጋ አይነሱም። የማጥባቸው፣ የማገላብጣቸው፣ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ግልጽ እንዲሆን ነው። ባለፈው ሐኪሙ ሊያያቸው መጥቶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና «የሚመጣ ሰው ካለ አሁን ይምጣ» አለኝ።

6. ሁለተኛው አባል ይህን ከእህቱ ሰማ። የሄደበት ሥራ አልቋል፤ ተጓዳኟም ተጓዳኝነቷን ትታለች ይባላል። ቲኬት መግዣ የለውም፤ ያለው የእኔ ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳይታክት ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥር የማረጋገጫ ቁጥሩ ስልኬ ላይ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው እማማን ሳጎርስ ነው። «እሱ ነው?» ይሉኛል። «አዎ እማማ፣ እሱ ነው» እላለሁ። «ምን አለ?» ሲሉኝ «ሊመጣ እየሞከረ ነው» እላቸዋለሁ። ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ አንድም ቃል አልዋሸሁም። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እማማም ከእኔ ጋር ይውላሉ፤ ማንኪያውን ስዘረጋ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ራሱም ደውሏል። አለቀሰ። «ዓይኗን እንኳ እኔ ልክደንላት» አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ «እናቴ ትሙት፣ ነጥቡን አንድም ሳላስቀር እመልስልሻለሁ» ብሎ ማለ። ምን እንዳለ ለራሱ የተሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። «አይዞህ፣ መሐላህ መድረሱ አይቀርም» ብዬው ዘጋሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህንንም አልደብቅም።

7. እሑድ ዕለት የሁለተኛው አባል እህት መጣች። አስተማሪ ናት፤ እሷም ለቲኬት የሚተርፍ የላትም። ብርቱካን ይዛ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ቆይታ ወጥ ቤት ተከተለችኝና «አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን ነው የምትመቺው፤ እማዬ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። «ዳውላውን እስከ ዛሬ ማን ነው የተሸከመው?» አልኳት። ብርቱካኑን ልጣ ልጣ ሳትበላው ሳህን ላይ ተወችው።

8. ታዲያ ቁጥሩን አልሰጥም ማለት ስትችል ለምን መዛወር አስፈለጋት ይሉ ይሆናል። «እምቢ» ማለት ቀላል አይደለም። ሰፈሩ አለ፤ ደንበኛ አለ፤ የሰው ፊት አለ። የምታስታምማትን አማቷን ልጇን እንዳታይ የከለከለች ሚስት ተብዬ እስክሞት እጠራለሁ። «አየር መንገድ ቀይሬአለሁ» ብል ግን ማን ምን ይለኛል? የንግድ ጉዳይ ነው። ነጥቡ ወደ እናንተ ሲዛወር የቀድሞው ሒሳብ ይዘጋል፤ ጠያቂውም የሚጠይቀው ያጣል። በእኔ ፈንታ እምቢ የምትሉልኝ እናንተ ናችሁ። ይህ ከመሥሪያ ቤትዎ አሠራር ውጭ አይመስለኝም።

9. የመስኮት አራቷ ሠራተኛ በደግነት አንድ ነገር አስታውሳኛለች። በዝውውሩ ግማሽ ያህሉ ነጥብ እንደሚቀልጥ፣ በዚያም ላይ ሁለተኛው አባል ከበረረበት ጉዞ የተገኘች ትንሽ ነጥብ በሒሳቡ ስላለች ፊርማው የሚጠየቀው በእሷ ምክንያት መሆኑን ነግራኛለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ እናቴ» አለችኝ። በብብቴ ያለው እሾህ ነው፤ ቢወድቅ ደስታዬ ነው። ያቺን የበረራ ነጥብ በሚመለከት ግን የሚከተለውን አመለክታለሁ፦ ከሒሳቡ ትነቀልልኝ። ለማን እንደምትሰጥ አይገደኝም። የዚያች በረራ አንዲት ነጥብ በእጄ እንድትቀር አልፈልግም።

10. እስከ ተራ ቁጥር 9 ያለውን ትናንት ረፋድ ላይ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ላስገባ ተነሥቼ ነበር። እማማ አረፉ።

የፊት ውኃቸውን ይዤ ስገባ አልመለሱልኝም። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ለመሥሪያ ቤትዎ ማስረዳት ግን አይጠበቅብኝም።

ትናንት ከሰዓት ስልኬ ሲጮኽ እንደ ወትሮው «እሱ ነው?» አላሉኝም። «ቁጥሩ ነው?» አሉኝ። ሴት ልጃቸው እሑድ ቁጥሩን እንደከለከልኩት ለእሳቸውም ነግራቸው ኖሯል። እየሰሙ፣ እያወቁ ከእጄ ሲጎርሱ ሰንብተዋል። ማንኪያውን ሳስቀምጥ «እኔም ብሆን አልሰጠው» አሉ። ከዚያ ውኃ ጠየቁኝ።

ይህን ባይሉኝ ይሻል ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጸቤ ከማን ጋር እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ከእኔ ጋር የቆመችው ሴት ሞታለች። እኔም ብቻዬን ስቀር እንደ ትናንቱ መጨከን አቃተኝ።

11. ሞታቸውን ለሁለተኛው አባል አልነገርኩም። እህቱም ክፍል ውስጥ እያስተማረች ስለሆነ አልሰማችም። ጎረቤቴን አጠገባቸው አስቀምጬ ቀጥታ ወደ እናንተ ነው የመጣሁት፤ ይህችን የመጨረሻ ገጽ የምጽፈውም ከመስኮት አራት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ስነግረው ለቀብሯ ልድረስ ብሎ ቁጥሩን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። በሕይወት ሳሉ እናቱን ከልክዬው፣ ሬሳቸውን እንዲያይ ቁጥሩን እሰጠዋለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ከሰጠሁት ደግሞ እዚያ ቤት ገብቶ፣ እኔ ያጠብኳቸው እናቱ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። የመጣው ሰውም ሁሉ እሱን ያጽናናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የሁለተኛው አባል ፊርማ ሳይጠበቅ፣ ነጥቡ ግማሹም ቢቀልጥ ሁሉም ቢቀልጥ፣ ሒሳቡ ዛሬውኑ፣ ከዚህ ወንበር ሳልነሣ እንዲዘጋልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እንዳልራራለት ይርዱኝ። ውሳኔዎን ሰምቼ ነው የምደውልለት።

በተራዬ ላይ ሆኜ መልስዎን የምጠባበቅ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አንደኛዋ አባል