ለእኛማ ይገባን ነበር

ጥር 7

ስኳር ዛሬም አልመጣም። ደንበኛው ሁሉ እኔን ተቆጣ... ስኳሩን የደበቅኩት እኔ ይመስል። ልጄ ኡመይማ ሱቄ ውስጥ አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ዋለች። አንዷ ሴትዮ ዳቦ ስትጠይቃት "ናሞ የለም" አለቻት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። "ዳቦ የለም ነው የምትለው" አልኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ልጄ ስድስት ዓመት ሞላት። አፏን እስክትፈታ ብለን መዋለ ሕፃናት አላስገባናትም። በመስከረም ግን አንደኛ ክፍል ናት። እዚያ ማን ይተረጉምላታል?

ጥር 12

ጎረቤታችን አስቻለች መጣች። የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት።

"ሸፊ፣ እንዳትቀየመኝ። አምና እንደ ኡመይማ የሚናገር ተማሪ ነበረኝ። ላንቃው ክፍት ነበር። የእሷን አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"ከንፈሯ እኮ ተሰፍቷል።"

"ከንፈሯን አይደለም የምልህ።" ቀጥላም፣ "ሰፈሩ ዲዳዋ ነው የሚላት" አለችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሰማሁ።

ማታ ባለቤቴ ጀዊሪያ በሞባይል ባትሪ አበራች፣ እኔ አየሁ። ክፍት ነው። በስምንት ወሯ የተሰነጠቀ ከንፈሯ ሲሰፋ ሐኪሙ "ዓመት ሲሞላት መልሷት" ብሎን ነበር። ስፌቱን ለማየት መስሎን... አምሮ ሲድን ጊዜ ምን ያስኬደናል አልን። ወተት በአፍንጫዋ ሲወጣ እንኳ "ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ" ነበር የምንላት። ምስኪን ልጄ።

ጥር 20

ሆስፒታል። ሐኪሟ ወጣት ናት። "ለምን ይህን ያህል ዘገያችሁ?"

ምን ልበላት? ሩቅ ነው እንዳልል እዚሁ ጉለሌ ነን። ገንዘብ እንዳልል ሕክምናው በነፃ ነው።

"የምትለው ለእኛ እኮ ይገባናል" አልኳት።

አልተቆጣችም። "አብዛኛው ወላጅ እንደዚያ ነው የሚለኝ" አለች። ቀድሞ ቢሆን ይሻል ነበር፣ አሁንም ግን ይዘጋል። ይዘጋል! ታክሲ ውስጥ ለራሴ ስደጋግመው ነበር።

የካቲት 4

ለቀዶ ሕክምናው ሄደን መለሱን። ጉንፋን ይዟታል፣ ማደንዘዣ አይሰጣትም። አማቴ "ምልክት ነው፣ ተዉት። ተኝታ ባትነቃስ?" አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ይኸው ፍርሃት አለብኝ።

ጀዊሪያ ግን "እማ፣ ጉንፋን ጉንፋን ነው" አለች። በቃ። ወንዱ እኔ ነኝ እላለሁ ደግሞ።

የካቲት 24

ነቃች። አልሐምዱሊላህ። አልጋዋ አጠገብ በውሃ አፈጠርን።

መጋቢት 22

አሁንም "ናሞ"። ታዲያ ምን ተሠራ? ንግግር የምታለማምዳት ባለሙያ ሳቀችብኝ። "ቤቱ ተሠራ፣ አሁን ልጅቷ መኖር ትልመድ" አለች። ከዚያ ከባዱን ነገር አዘዘችን። አትተርጉሙላት። ባይገባችሁ "አልገባንም" በሉ... ቢገባችሁም።

ጀዊሪያ አልቻለችም። ልጅቷ ውሃ ስትጠይቃት አልገባኝም ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ኡመይማ ተናዳ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችን።

ሚያዝያ 15

አፏ ፊት ቁራጭ ወረቀት ይዘን "ፓ" አስባልናት። ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሿ በአፍንጫዋ ሳይሆን በአፏ ወጣ።

ሰኔ 5

ስለ ሥራ ምንም አልጽፍም ዛሬ።

ከሰዓት በኋላ የአስቻለች ልጅ ኤልሮኢ እያለቀሰ ሱቅ ገባ። ከኡመይማ ጋር ደጅ ሲጫወቱ ነበር።

"ጋሽ ሸፊ፣ ኡመይማ ሰደበችኝ።"

"ምን ብላ?"

"ደደብ አለችኝ።"

"ምን አለችህ?"

"ደደብ!"

"ማን ነገረህ እንደዚያ እንዳለችህ?"

ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ማንም። ራሴ ነው የሰማሁት።"

መቆጣት ነበረብኝ። ስድብ ነውር ነው፣ አባት ነኝ። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ኡመይማን ጠርቼ ይቅርታ አስጠየቅኳት። ኤልሮኢ ይቅርታውም ገባው።