ከወንዙ ማዶ ያለው አባትህ

ለምወድህ ልጄ ለታረቀኝ፦ የአብርሃም አምላክ በኢየሩሳሌም ጥላ ይሁንህ። እኔ እናትህ ሥራነሽ ደኅና ነኝ፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ቄስ ምናሴ በጥር አረፉ። አባትህና ሁለት ጎረቤቶቻችን ቀበሯቸው። እንደምታውቀው በኦሪት ሕጋችን ሬሳ የነካ ሰው ርኩስ ነውና፣ ነጽቶ በሰባተኛው ቀን ቤቱ እንዲገባ፣ የቀይቱን ጊደር አመድ በውሃ በጥብጠው የሚረጩት ቄሱ ነበሩ። አሁን እሳቸው ራሳቸው ሞተው ማን ይርጭ? ይኸው ግንቦት ገባ፤ ሦስቱም ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል።

ሽማግሌዎቹ ጸሎት ቤታችን እንዳይዘጋ በየሰንበቱ ይመክራሉ። ከደምቢያ ቄስ እንዳናስመጣ ጣሊያን መንገዱን ዘግቶታል። ይህን የሚጽፍልኝን ዲያቆን አንለይን ሊሾሙት ፈለጉ፤ እሱ ግን እጅ የሚጭንብኝ ቄስ ሳይኖር አይሆንም ብሎ እንቢ አለ። ይኸው እየጻፈም ያለቅሳል። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

ምግቡን ተሻግሬ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። በሰኔ ወንዙ ሲሞላ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ትናንት አባትህ ከሩቅ ሆኖ፣ "አንቺ፣ ራስሽ ላይ ያለው ዱቄት ነው ወይስ ሽበት?" አለኝ። ዱቄት ነው አልኩት።

እዚያ ያሉትን ሊቃውንት ጠይቅልኝ፤ የሚረጨው ቄስ ያጣ ሰው በምን ወደ ቤቱ ይገባል? መልስህ ከክረምት በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ። ብቻ ጠይቅልኝ።

የአባቶችህ አምላክ ጠብቆ ለዓይኔ ያብቃህ። ለአባትህም ስትጽፍ ሽበት መሆኑን እንዳትነግርብኝ።