በመኪኖቹ ጎን ስላለው መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር ሦስት ቀን። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ የነበሩት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትላቸው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና እርጥብ ጨርቅ የያዝኩት እኔ ነበርን።

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ቀጥሎም ባለፈው ሳምንት ለመጡት ሁለት የቅንጦት መኪኖች ጤናና ረጅም ዕድሜ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን መኪኖች ያጠብኩ ሴት ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት፣ ዛሬ የባለ ሁለት በር መኪናዎን ጎን በጣትዎ እየዳሰሱ «ይሄን የጫረችው እሷ ናት» ብለው ያመለከቱባት ነኝ።

አንደኛ፣ ከፊት መብራቱ ተነሥቶ በበሩ እጀታ ሥር አልፎ እስከ ኋላ መብራቱ የሚዘልቀውን መስመር በባልዲዬ ጠርዝ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ስለወሰኑልኝ አመሰግናለሁ። መስመሩ በተወጠረ ክር የተሰመረ ይመስል የትም አይዛነፍም። በሌላው ጎንም ያው ነው። ጣራዋ የሚታጠፈው የምክትልዎ መኪናም በግራም በቀኝም ይዛዋለች። አራት ጎን፣ ያለ አንዲት ስህተት፣ በባልዲ! እናቴ በሕይወት ብትኖር እጀ ወርቅ ልጅ ወለድኩ ብላ በኮራች ነበር።

ሁለተኛ፣ ከመኪኖቹ ጋር የመጣውን ባለ ሥዕል መጽሔት የንብረት ክፍል ኃላፊው ቁርሱን ጠቅልሎበት ጥሎት ስለነበር ከቅርጫት አንሥቼ አነበብኩት። ንባብ የለመድኩት ከእንዲህ ያለ ብጭቅጫቂ ስለሆነ ዘይቱ አላስቸገረኝም። መስመሩ ሆን ተብሎ የተሠራ የቆርቆሮ እጥፋት ነው ይላል፤ ረጅሙን ኮፈን ወደ ኋላ ካዘነበለው ጣራ ጋር ያስማማል፣ መኪናዋ ቆማም የምትሮጥ ያስመስላታል፣ ጎልቶ የሚታየውም ፀሐይ ስታርፍበት ነው። ይህን ለኃላፊው ባሳየው፣ «እትዬ፣ አለቃ ጭረት ነው ካሉ ጭረት ነው፤ መጽሔቱ ደሞዝ አይከፍለኝም» አለኝ። ከእሱም ተማርኩ።

ሦስተኛ፣ እስከ ነገ ጠዋት «ጉዳቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ» በሚለው ወረቀት ላይ ካልፈረምኩ እንደምሰናበት በጽሑፍ ስለገለጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስሜ በማኅተም ሥር ሲሰፍር የመጀመሪያው ነው። የሦስት ልጆች ጉሮሮ በዚያች ባልዲ ላይ መንጠልጠሉን ግን ወረቀቱን የተየበችው ጸሐፊ ሳትዘነጋው አልቀረችም።

መስመሩን ቀጥቅጦ የሚደለድል ባለሙያ ማዘዝዎንም ሰምቻለሁ። እባክዎ፣ መዶሻው ከማረፉ በፊት ዞር ብለው ሌላኛውን ጎን ይዩ። ስድስት እርምጃ ብቻ ነው፤ ለካሁት።

ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዝቅ ማለቱንም ጎማ በማጠብ የተካንኩት፣
የመኪና አጣቢዋ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ማክሰኞ፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ መዶሻው ቀድሞኛል። የመኪናዎ ግራ ጎን እንደ ትሪ ዝርግ ሆኗል፤ ቀኙ እንደ ነበረ ነው። አቧራውን ጠረግሁለት። ከዚያ ደብዳቤውን ለጠፍኩ። ጉዳቱን አድርሻለሁ የሚለውን ወረቀት ሳልፈርም፣ ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛዎ ላይ አኖርኩት፤ አሁን የሚፈርምበት ሰው አግኝቷል። ባልዲዬንም ሞልቼ ወደ ምክትልዎ መኪና ሄድኩ። እርስዎ ገና ስላልመረመሯት ሁለቱም ጎኖቿ ደህና ናቸው።